አባዬ ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠባት ቅዳሜ

ጓደኛዬ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በቀደም ልጠይቃት ሄጄ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ሰውዬ ትከሻው ላይ ያነገተውን የሣር ማጨጃ ሞተር አስነሣ። ጢሱ በመስኮቱ ገባ። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲቃጠል የሚወጣው፣ ጣፈጥ ብሎ ጉሮሮ የሚይዘው ሰማያዊ ጢስ ነው።

"ውይ፣ ሳንባችንን ጨረሰው!" ብላ መስኮቱን ልትዘጋ ተነሣች።

"ተይው፣ ትንሽ ይቆይ" አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ያ ሽታ ለእኔ የቅዳሜ ጠዋት ሽታ ነው። የአባዬ ቱታ፣ የባቦጋያ ውኃ፣ የእማዬ እርጥብ ነጠላ፣ ሁሉም እሱ ውስጥ አሉ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጥምቀት ማግስት እስከ ግንቦት ልደታ ድረስ፣ አንድ በጋ ብቻ።

ያኔ ቤታችን ጌጃ ሰፈር ነበር። አባዬ መካኒክ ስለሆነ ከግቢያችን ግማሹ ጋራዥ፣ ግማሹ ቤት ነው። ልብስ የምናሰጣበት ገመድ አንደኛው ጫፉ አጥራችን ላይ፣ ሌላው ጫፉ ደግሞ ሞተሯ ወጥቶ የቆመች አሮጌ ቮልስ ላይ ታስሯል። አባዬ ለማ ይባላል። ትውልዱ ደብረ ዘይት፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ነው። እኔንና ታላቅ ወንድሜን ናቲን ዋና ያስተማረን እሱ ነው። እማዬ ግን የልደታ ልጅ ናት፤ ከገንዳ የጠለቀ ውኃ ስታይ ታማትባለች።

ጀልባዋ የመጣችው በአይሱዙ ተጭና ነው። አባዬ ለብዙ ዓመት መኪናውን ሲሠራለት የኖረ አንድ ፈረንጅ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት ሄደ። ትንሽ፣ ነጭ፣ ለአንድ ቤተሰብ የምትበቃ ጀልባ ናት፤ ከኋላዋ ሞተር ተሰክቶላታል። ሞተሯ መነሣት ካቆመ ቆይቷል። ፈረንጁም ከለማ በቀር የሚያስነሣት እንደሌለ ያውቃል።

ችግሩ አይሱዙው ወደኛ ቅያስ አይገባም። ስለዚህ የሰፈሩ ወንዶች ተጠርተው ከአስፋልቱ ጀምሮ በትከሻቸው ተሸከሟት። የአናጢ ቤቱ ሠራተኞች መጋዛቸውን አቁመው ወጡ። ልጆች ከኋላ እልል እያልን ተከተልን። ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ በራቸው ላይ ቆመው፣

"አንቺ ጽጌ! ባልሽ ምን ሰምቶ ነው? አዲስ አበባን ውኃ ሊበላት ነው እንዴ?" ብለው እማዬን ጠየቋት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአባዬ ስም ኖኅ ሆነ። "ኖኅ፣ እኔንም አትርሳኝ!" ይሉታል ሲያልፍ፤ እሱም "ጥንድ ሁናችሁ ኑ" ብሎ ይመልሳል።

ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ከገመድና ከላይፍ ጃኬቶች ጋር አንድ እንግዳ ዕቃ ነበር። ቁመቱ እኔን የሚያህል፣ ጫፍና ጫፉ ቀና ያለ ለስላሳ ሳንቃ ነው። መሀሉ ላይ ሁለት ቦት ጫማዎች በብሎን ታስረዋል፤ እንደ ሰው እግር ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን። ናቲ የልብስ መተኮሻ ነው አለ። እትዬ ዘነቡ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ስለ ሬሣ የሆነ ነገር ተናግረው አማተቡ። እኔ ደግሞ ፈረንጁ መራመድ የማይችል ልጅ ያለው መሰለኝ። በሽተኛው ልጅ ቆሞ እንዲውል እግሩን የሚያስሩበት ሳንቃ ነው ብዬ አመንኩ። ልቤ በጣም አዘነ። ማታ ስጸልይ ያንን የማላውቀውን ልጅ አስታወስኩት።

ለአባዬ ስነግረው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

"በሽተኛ? ልጅቷን ብታያት! አንድ ጊዜ ላንጋኖ ወስዶኝ ሞተሩን ስሠራለት፣ ጫማዎቹን አጥልቃ፣ ገመድ ይዛ፣ ጀልባዋ ስትጎትታት ውኃው ላይ ቆማ ስትሄድ አይቻታለሁ። አንቺን ታክላለች። ቆማ! እንደ ወፍ እየተንሳፈፈች!"

ሳቁን አቆመና ሳንቃውን በመዳፉ ዳበሰው። "የሱ ልጅ ከቆመች የኔ ልጅ የማትቆምበት ምክንያት የለም" አለ።

በጥምቀት ሰሞን ሞተሯን አስነሣት። ግማሽ በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሮ ገመዷን ሲስበው ግቢያችን በዚያ ሰማያዊ ጢስ ተሞላ፤ እማዬ የታጠበ ልብሷን እየሰበሰበች ተራገመች። ከዚያ ጀልባዋ እንደገና በሰው ትከሻ ወጣች፤ ደብረ ዘይት ሄዳ የአባዬ አክስት አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ታሰረች። እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርን።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አልረሳውም። አባዬ የፒክአፑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ለናቲ ወረወረለት። "ከዛሬ ጀምሮ አንተ ትነዳለህ" አለው። ናቲ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ነው። እስከዚያ ድረስ አባዬ ያንን መሪ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። እማዬ መጀመሪያ አባዬን፣ ቀጥሎ መሬቱን አየች። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አባዬ ከእኔ ይልቅ ናቲን የሚወድ መሰለኝ። በሳሪስ፣ በቃሊቲ፣ በዱከም አድርገን እስክንደርስ ድረስ መሀላቸው ተቀምጬ ቅናቴን ዋጥኩት። ሐይቁ ላይ አሳየዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ሐይቁ ላይ ግን የጀልባዋን መሪ የሚይዘው አባዬ ብቻ ነው። ናቲ ቢለምነው፣ "መኪናውን ሰጥቼሃለሁ፤ ይቺን ተውልኝ" ይለዋል። መሪዋን ይዞ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ጀርባው ይቃናል፤ ያፏጫል። "እዚህ አስፋልት የለ፣ ሰው የለ፣ ትራፊክ የለ። የምገጨው ነገር የለም!" እያለ ይስቃል። እኛም አብረን እንስቃለን።

እኔ ግን ሳንቃው ላይ መነሣት አቃተኝ። ሰው ቢነግራችሁ ቀላል ይመስላል። ውኃው ውስጥ በጀርባችሁ ትንጋለላላችሁ፣ ጉልበታችሁን ደረታችሁ ላይ ታጥፋላችሁ፣ ሳንቃው እንደ ግድግዳ ፊታችሁ ይቆማል፣ የገመዱን እጀታ ትይዛላችሁ፤ ጀልባዋ ስትጎትት ትነሣላችሁ። እኔ ግን ጀልባዋ ገና ጉርር ስትል ገመዱን ወደ ራሴ እስባለሁ፣ ለመቆም እጣደፋለሁ፣ ከዚያ በግንባሬ እደፋለሁ። ውኃው በአፍንጫዬ ገብቶ አናቴ ላይ ይወጣል። ባቦጋያ ጠዋት ጠዋት አጥንት የሚሰብር ብርድ አለው። የናቲን ሁለት ጥንድ ካልሲ ደራርቤ ያጠለቅሁት ጫማ ውስጥ እግሬ ይደነዝዛል።

አዴ ጫልቱ ከዳር ቆመው በኦሮምኛ ይጮኻሉ። "ሐይቁ ልጅ ይወዳል፤ ይወስድባችኋል እያሉ ነው" ብሎ አባዬ ይተረጉምልኛል። "አንቺ ደግሞ እኔ ሌላ ሰው አለኝ በይው" ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ብርዱም ውድቀቱም በዝቶብኝ ጀልባዋን አቅፌ አለቀስኩ። አባዬ ሞተሯን አጠፋና ጎንበስ አለልኝ።

"ቤቲ፣ መኪና በገመድ ሲጎተት አይተሽ የለ? የሚጎተተው መኪና ራሴን ችዬ ልሂድ ካለ ገመዱ ይላላል። መልሶ ሲወጠር ደግሞ ይበጠሳል። አንቺ አትሳቢው። እጅሽን ዘርግተሽ ዝም ብለሽ ተጎተቺ። ማንሣቱ የኔ ሥራ ነው።"

ሞተሯን አስነሣ። እጄን ዘረጋሁ። ምንም አላደረግሁም። ውኃው ደረቴን ገፋኝ፣ ሳንቃው ከሥሬ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድንገት ሁሉም ነገር ቀለለ። ቆሜያለሁ። ከእግሬ ሥር ውኃው እንደ ሸማ ሲቀደድ ይሰማኛል። እማዬ ጀልባዋ ኋላ ወደ እኔ ዞራ ተቀምጣ ነበርና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ "እልልልል!" አለች። የአባዬን ጀርባ ብቻ ነው ያየሁት። ቀኝ እጁን በቡጢ ወደ ላይ አንሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ያያል።

"እንዴት አወቅህ?" አልኩት በኋላ ፎጣ ተጠቅልዬ።

"ጀልባዋ ነገረችኝ። ስትነሺ ቀለል ትላለች፤ ስትወድቂ ትተነፍሳለች።"

እማዬን ማምጣት ግድ ነበር፤ የሚነዳ ሰው ወደ ፊት ስለሚያይ አንድ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ተጎታቹን መጠበቅ አለበት። እሷም ናቲ አይጠብቅልኝም ብላ ውኃ እየፈራች በየሳምንቱ መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ የጀልባዋን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ አትነቅልም። ሌላም ጥቅም አላት። እማዬ ወፍራም ናት። እሷ ከኋላ ስትቀመጥ ጀልባዋ ቂጧን ታወርድና ከኋላዋ የምትተወው ሞገድ ከፍ፣ ውብ ያለ ይሆናል። ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ናቲ ነው። "እማዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ይቺ ልጅ በሜዳ ላይ ነበር የምትሄደው" ሲላት በነጠላዋ ጫፍ መታችው። ትጾም ስለነበር ሑዳዴው እየገፋ ሲሄድ ሞገዱም እያነሰ እንዳይሄድብን እያልን ተሳሳቅን።

እማዬ ግን መተረክ አትችልም። አባዬ እየነዳ "እሺ? ምን እያደረገች ነው?" ይላታል።

"ቆማለች።"

"ቆማስ?"

"አሁንም ቆማለች። እግዚኦ! ወደዚያ ሄደች። መጣች። ኧረ ልደታዬ!"

እኔ ደግሞ ከመቆም አልፌያለሁ። ጀልባዋ ከኋላዋ የምትተወውን መንገድ ሰንጥቄ፣ ሞገዱን ወጥቼ ወደ ጎን፣ ማንም ያልረገጠው ለስላሳ ውኃ ላይ መውጣት ተማርኩ። ተረከዜን ተጭኜ ጀርባዬን ወደ ውኃው ሳጋድል ገመዱ ይወጠራል፤ ሳንቃው በጎኑ ውኃውን እየቆረጠ ያስወነጭፈኛል። ከጀልባዋ ጎን ልደርስ ትንሽ ይቀረኛል። ከዚያ ተመልሼ ሞገዱ ላይ ስወጣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አየር ላይ እቆያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። አባዬ እንዲያየኝ እፈልጋለሁ። ላንጋኖ ላይ ያያትን ልጅ በየሳምንቱ አስባታለሁ። እሷን አይቷታል። እኔን አላየኝም።

"አባዬ፣ ዛሬ ናቲ ይንዳና አንተ እየኝ" እለዋለሁ።

"ዛሬ ነፋስ አለ። ሌላ ቀን።"

"ዛሬስ?"

"ቆይ፣ ናቲ ትንሽ ይልመድ።"

ፊቱን ያዞርብኛል። ናቲን ስላላመነው መሰለኝ። ወይም ደግሞ ልጅ ነገር ስለሆንኩ ችላ ብሎኝ መሰለኝ።

የዚያን በጋ ብዙ ነገር መሰለኝ። እማዬ ነገረኛ የሆነች መሰለኝ። ጀሪካን ኮሪደር ላይ ከተውን፣ በርጩማ ከቦታው ከተነቃነቀ ትቆጣለች። "መንገድ ላይ ዕቃ አታስቀምጡ አላልኩም?" ትላለች። አባዬ አንድ ቀን በርጩማ ሲመታው የጮኸችው በበርጩማው ላይ ሳይሆን በእኛ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሐይቁ ላይ እየነዳ ሳለ፣ አሣ አጥማጅ በታንኳ ከጎናችን ብቅ አለ። እማዬ "ለማ! ለማ! ግራ!" ብላ ስትጮኽ መሪውን በኃይል ጠምዝዞ ለጥቂት ሳትነው። አሣ አጥማጁ መቅዘፊያውን አንሥቶ ተሳደበ። የናቲ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ በደስታ ጮኽኩ። አባዬ ሆን ብሎ ያደረገው መሰለኝ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ ለጀለሶቼ "ፋዘር አራዳ እኮ ነው! ታንኳ አጠገብ እንዴት እንደሚታጠፍ ብታዩት!" ብዬ አወራሁ።

ሰፈሩም የራሱ መሰለኝ ነበረው። አባዬ ቅያሱ ላይ ሲያልፍ ሰዎች ከየበራቸው "ኖኅ፣ እንደምን አደርክ?" ሲሉት ድምፃቸውን ከሰማ ይመልሳል። አንገታቸውን ብቻ ዝቅ አድርገው ሰላም ያሉትን ግን ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። እትዬ ዘነቡ አንድ ቀን እኔን ጠርተው፣ "አባትሽ ጀልባ ካገባ ወዲህ ሰው አያይም" አሉኝ። አፍሬ አቀረቀርኩ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ልደታ ሊደርስ ሲል፣ አባዬ ሳልለምነው ራሱ ተናገረ። አዴ ጫልቱ ግቢ ደርሰን ላይፍ ጃኬቴን ሲያስርልኝ፣

"ዛሬ ናቲ ይነዳል። እኔ ከእናትሽ ጋር እቀመጣለሁ" አለ።

እማዬ "ለማ..." አለችና ተወችው።

የተነሣሁት አንዴ በተሳበው ነው። አባዬ እማዬ አጠገብ፣ ጉልበቱን አጋጥሞ፣ ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጧል። ቀጥታ ያየኛል። ዓይኑ ፊቴ ላይ ነው። ጥርሱ በሙሉ ይታየኛል። "ቆመች! ጽጌ፣ ቆመች እኮ!" ሲል በሞተሩ ድምፅ መሀል ሰማሁት። እማዬ ስቃ እጁን ያዘችው። ትንሽ እንደዚያ ተያየን። አሁን ሳስበው፣ እዚያው መሀል ላይ፣ ምንም ሳልሠራ ብቀር በቂ ነበር። ያን ቀን ሙሉ እዚያው ብቆም በቂ ነበር።

ግን ምን አውቄ? ያን ሁሉ ሳምንት ያጠራቀምኩትን ላሳየው ነበር። ተረከዜን ተጫንኩ፣ ጀርባዬን አጋደልኩ፣ ሞገዱን ዘልዬ ወደ ቀኝ ወጣሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ርቄ አላውቅም። ገመዱ እንደ ክራር ክር ዘፈነ። ክንዴ ውኃውን ሊነካ ነው፤ ከሳንቃዬ የሚረጨው ውኃ ከጭንቅላቴ በላይ ቆሟል፤ በሕይወቴ እንደዚያ አድርጌ የሄድኩበት ሌላ ቀን የለም። አባዬን ለማየት ቀና አልኩ።

አባዬ ወደ እኔ አያይም። እኔ ወደነበርኩበት ቦታ፣ ባዶው ውኃ ላይ አፍጥጧል። ፊቱ ተለዋወጠ። ከመቀመጫው ተነሣ።

"ጠፋች! ወደቀች! ናቲ አቁም! አቁም!"

ናቲ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። ገመዱ ላላ። እንደ ድንጋይ ሰመጥኩ።

ብቅ ስል እማዬ "ኧረ ቆማ ነበር! ለማ፣ ቆማ ነበር እኮ!" እያለች ነበር። አባዬ ጠርዙን ይዞ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ "የት አለች? ቤቲ? ቤቲ!" ይላል። እኔ ከእሱ ብዙም ሳልርቅ በስተጎን እየተንሳፈፍኩ ነው። ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ። ድምፄን ሲሰማ ዞሮ አገኘኝ።

"ይቅርታ ልጄ። ወድቀሽ መስሎኝ ነው" አለ ሲጎትተኝ።

"እንደገና እንሞክር" አለ ናቲ። ግን የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ በትንንሽ ማዕበል ተቆራርጧል። ወደ ዳር ተመለስን። አባዬ ዱከም ላይ ሐብሐብ ገዝቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። አቅፌው ተኛሁ።

ግንቦት ልደታ እንደ ደንቡ የቅያሱ ሰው ተሰብስቦ ንፍሮ ቀቀለ። ስንዴውና ሽምብራው በትልቅ ብረት ድስት፣ መሀል መንገድ ላይ ይንፈቀፈቃል። ትልልቆቹ በርጩማ ላይ፣ ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠናል። አባዬ ከጋራዡ ቱታውን ለብሶ ወጣና፣ ከጎኑ እጃቸውን የዘረጉለትን እትዬ ዘነቡን አልፏቸው ሄዶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

እትዬ ዘነቡ መታገሥ አቃታቸው። "ጽጌ፣ ዛሬ እንኳ በልደታ ቀን ሰላም አይባልም? ምን በደልነው? ለካ ጀልባ ሰውን እንዲህ ያስንቃል!"

እማዬ ንፍሮ የምታማስልበትን እንጨት ይዛ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እኔ ግን ከእግሯ ሥር ነበርኩ።

"አያይም፣ እትዬ ዘነቡ። ንቆዎት አይደለም። ከጎኑ ያለ ነገር አይታየውም። ቀጥታ ፊቱ የቆመን ብቻ ነው የሚያየው፤ በቧንቧ እንደሚያይ ሰው። እሱም እየጠበበ ነው። ሐኪሞቹ የሄደው አይመለስም ብለውናል። ልጅቷ እንዳትሰማ ብሎ ስለለመነኝ ነው ዝም ያልኩት።"

እትዬ ዘነቡ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "እኔን! እኔን ያድርገኝ!" አሉ። ከዚያ ተነሥተው፣ ድስቱን ዞረው፣ ወንዶቹ ወዳሉበት ሄዱና ፊት ለፊቱ፣ ትክክል ፊት ለፊቱ ቆሙ። "ጋሽ ለማ፣ እንኳን አደረሰህ" አሉት። አባዬ ብድግ ብሎ ሦስቴ ሳማቸው። ለምን እንዳለቀሱ አልገባውም።

እኔ ንፍሮዬን እንደያዝኩ ድንጋዩ ላይ ቀረሁ። የመኪናው ቁልፍ፣ በርጩማው፣ ታንኳው፣ አንድ በአንድ መጡብኝ። "የምገጨው ነገር የለም" እያለ ሲስቅ አብሬው መሳቄ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ መንዳት የማይችል ሰው መንዳት የሚችልበት አንድ ቦታ አግኝቶ ነበር። እኔ ደግሞ ስለ ቅዳሜ ያሰብኩት ሁሉ ስለ ራሴ ነበር።

ወዲያው አንድ ነገር አሰብኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መሀል ላይ እቆማለሁ አልኩ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልልም። ገመዱን አሳጥሬ፣ ልክ ፊቱ፣ በቧንቧው ውስጥ እቆምለታለሁ። ለማንም ሳልናገር ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን ጠበቅሁ።

ዐርብ ግን አባዬ ከሐኪም ቤት ተመልሶ ናቲን ግቢ ውስጥ ጠራው። በመስኮት ሰማኋቸው።

"ባቦጋያ ላይ መዝናኛ ያለው ሰውዬ ጀልባዋን ይፈልጋታል። ነገ ሄደህ አስረክበው" አለው።

"አንተስ? ለመጨረሻ እንኳ አትመጣም?"

"ያ አሣ አጥማጅ ልጆች ይኖሩታል፣ ናቲ። አይቼው አልነበረም እኮ። ፈጽሞ አላየሁትም።"

ናቲ ጠዋት ብቻውን ሄደ። እኔም ልሂድ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ያወቅሁት ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ተነሥቼ ወደ ጋራዡ ወጣሁ። አባዬ የቮልሷን ሞተር ፈታትቶ ጨርቅ ላይ ደርድሮ በጣቱ እየዳሰሰ ያጸዳል። ሄጄ ልክ ፊቱ ቁጢጥ አልኩ።

ቀና ብሎ ብዙ አየኝ።

"እናትሽ ነገረችሽ" አለ።

"ለእትዬ ዘነቡ ስትነግር ሰማሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። እጁን በጨርቁ ጠረገ። "እስቲ ንገሪኝ። ያን ቀን፣ የጠፋሽብኝ ጊዜ፣ ምን እያደረግሽ ነበር?"

"ወደ ጎን ወጥቼ ነበር።"

"እንዴት? አሳዪኝ።"

ተነሣሁ። ጫማዬን አወለቅሁና ዘይት በጠጣው መሬት ላይ እግሬን እንደ ሳንቃው አድርጌ ወደ ጎን አቆምኩ። ግን የሚጎትት ነገር ከሌለ ማጋደል አይቻልም። ሞከርኩና ወደ ኋላዬ ተንገዳገድኩ። አባዬ ተነሥቶ ሁለት እጄን ያዘ።

"አሁን" አለ።

ተረከዜን ተጭኜ ጀርባዬን ለቀቅሁ። ክብደቴ በሙሉ እጁ ላይ ዋለ። ግራ እግሩን ወደ ፊት አስቀድሞ አጥብቆ ያዘኝ፤ ጣቶቹ ግራሶ ነክቷቸው ያንሸራትታሉ።

"ከዚህስ ይብሳል?"

"በጣም። ክንዴ ውኃውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።"

ትንሽ ዝቅ አደረገኝ። "እዚህ ድረስ?"

"ትንሽ ዝቅ።"

ዝቅ አደረገኝ። ፊቱን ከላዬ አየዋለሁ። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ግን እጄ የት እንዳለ፣ እግሬ እንዴት እንደቆመ እንደማያየው አሁን አውቃለሁ።

"ውኃው ከበላዬ ይረጭ ነበር" አልኩት። "ገመዱ ይዘፍን ነበር። እንደዚያ ርቄ አላውቅም ነበር፣ አባዬ። ከዚያ አንተን ለማየት ቀና አልኩ።"

"ያኔ ነው አቁም ያልኩት?"

መዋሸት ፈለግሁ። አፌ እምቢ አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነሣኝና ቀጥ ብዬ መቆሜን እስኪያረጋግጥ ድረስ እጄን ሳይለቅ ቆየ።